ምዕራፍ አምስት፦ በሙሉ ድምፅ

ራያ ውስጥ፣ ቆቦ ሜዳ ላይ ጎርፍ ሳይዘንብም ይመጣል። ሐምሌ ላይ በስተምዕራብ ያለው ደጋ ማጉረምረም ሲጀምር የቆላው ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል፤ ገበሬው ግን አካፋውን ይዞ ይወጣል። ጎሊና ወይም ሆርማት ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ፣ ከአፈር፣ ከድንጋይና ከእሾህ በተከመረ ከለላ ጠልፎ ወደ ማሽላው ካልመለሰው፣ ያ ሁሉ ውኃ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በአፋር በረሃ ይቀራል። ጎርፉ ሌሊት ከመጣ ጠለፋው በባትሪ ብርሃን ነው። ከላይ ያለው ማሳ ቀድሞ ይጠጣል። የታችኛው የላይኛው እስኪጠግብ ይጠብቃል፤ አንዳንዴ የሚደርሰው ጭቃው ብቻ ነው። ወንዙን ከድልድይ ላይ ሆኖ ያየ መንገደኛ ግን «ዘንድሮ ራያ ጠገበ» ብሎ ያልፋል።

ስለ ሥራ ፈጠራ ሕግ የሚያወራ ምዕራፍ በጎርፍ የጀመረው ያለ ነገር አይደለም።

መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተነገረ ማግስት፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሲከፍቱ መንግሥት ለወጣቶች ሥራ መፍጠሪያ የሚሆን 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደሚያቋቁም አስታወቁ። አገሪቱ በወጣቶች ተቃውሞ ስትናጥ ከርማ ነበር፤ ለተቃውሞው የተሰጠው አንዱ መልስ ሥራ ነው። ነገሩ የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 995/2009 ሆኖ በዚያው ዓመት ጸደቀ። ማንስ ሊያግደው? ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው፤ በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም የያዙት ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ።

ይህን ከሌላ አገር ምክር ቤት ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። ባራክ ኦባማ በ2011 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር 447 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የሥራ ፈጠራ ሕግ ይዘው ወደ ኮንግረስ ሄዱ። ምርጫው ከአንድ ዓመት ትንሽ አልፎ ይጠብቃቸዋል፤ ሥራ አጥነቱ 9 በመቶ አካባቢ ነው። በሴኔቱ ሥርዓት ክርክር ለመዝጋት ከ100ው ድምፅ 60 ያስፈልጋል። ጥቅምት ላይ ድምፅ ሲሰጥ 60 አልሞላም፤ ሕጉ እዚያው ተቀበረ። ዴሞክራቶቹ «ሪፐብሊካኖች ለምርጫ ሲሉ ሰው ሥራ እንዳያገኝ አደረጉ» አሉ፤ ሪፐብሊካኖቹ «ኦባማ እንደማያልፍ እያወቀ ለምርጫ ቅስቀሳ ያቀረበው ነው» አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ትልቅ ሕግ ተገንጥሎ በፍጥነት ያለፈው ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ለሚቀጥሩ ድርጅቶች የግብር ቅናሽ የሚሰጠው ቁራጭ ነው፤ ምርጫ ሲደርስ ከወታደር ጋር መጣላት የሚፈልግ እንደራሴ የለም።

እኛ ዘንድ የሕጉ መንገድ አጭር ነው። ረቂቁ ብዙውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፤ ይነበባል፤ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የሕዝብ ውይይት ይጠራበታል፤ ተመልሶ ይቀርባል፤ እጅ ይወጣል። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው ከተገኙት አባላት የሚበዙትን ድምፅ ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርሙ እንኳ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ይጸናል። መቀርቀሪያ ያለው በር አይደለም። ማታ በቴሌቪዥን የምንሰማት ዐረፍተ ነገርም ያው ናት፤ ረቂቁ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ቢበዛ በአንድ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ።

ታዲያ ይህ አያስደስትም? ሥራ የሚፈጥር ሕግ ሳይታገት ቢያልፍ ምን ክፋት አለው? ለብዙ ጊዜ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። አሁን የማስበው ሌላ ነው። ምክር ቤት ውስጥ ያልቆመ ሕግ ሌላ ቦታ ይቆማል፤ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ጋዜጠኛም ቃለ ጉባኤም የለበትም።

ምክር ቤታችን አንድ ጊዜ እውነተኛ ፍጥጫ ውስጥ ሊገባ ተቃርቦ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በፊት፣ በ1996፣ የቀድሞው ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 384ን አወጣ፤ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ነው። ሥራ የሌለው ወጣት ያኔ በሕግ መዝገብ የገባው በጸጥታ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ድምፅ ተሰጠ፤ ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ። ገዢው ፓርቲ ከተማው ውስጥ ማን እንደጣለው ገባው። አሮጌው ምክር ቤት ከመሰናበቱ በፊት ግን የአሠራር ደንቡን ለወጠና አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ አባላት እንዲያስፈልጉ አደረገ። መቆለፊያው ተቃዋሚው እጅ ሳይገባ ቁልፉ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ደም፣ እስር፣ ባዶ ወንበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998፣ የወጣቶች የልማት ፓኬጅ መጣ፤ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባለው ነገርም በየቀበሌው አበበ። ትናንት አደገኛ ቦዘኔ የተባለው ልጅ «የኢንተርፕራይዝ አባል» ተብሎ ተመዘገበ። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ድምፁ ስንት እንደሚያወጣ መታወቁ ነው።

ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ብድርና የሥራ ድጋፍ ከፓርቲ አባልነት ጋር ተያይዞ እንደሚሰጥ ከሰሰ፤ መንግሥት አስተባበለ። በዚያው ዓመት ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫ ያዙ። ለተቃዋሚው መድረክ የቀረው አንድ ወንበር ነበር፤ የአቶ ግርማ ሰይፉ። አንድ ሰው ሕግ ሊያግድ ቀርቶ አጀንዳ ሊያስይዝ አይችልም።

ይህ ሁሉ ከቆቦ ሩቅ ከመሰላችሁ፣ የቀረበውን ላምጣ። የራያ ቆላ ወጣት ስለ ሥራ ሲያወራ ዓይኑ ወደ ምሥራቅ ነው፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳውዲ። ሳውዲ በ2006 ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ፤ ከወሎ የሄዱት ብዙ ነበሩ። መንግሥት በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አገደ። ከዚያ በ2008 አዲስ ሕግ መጣ፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923። በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ካስቀመጣቸው ግዴታዎች አንዱ ስምንተኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማንበብ የምትችል ልጅ ውሏን ታውቃለች። ግን ቆላ ውስጥ ውኃ ለመቅዳት ከአራተኛ ክፍል የቀረችውን ልጅ አስቡ። ከሕጉ በፊት ደላላ ነበራት፤ ከሕጉ በኋላም ያላት ደላላ ነው። በ2008ቱ ምክር ቤት ውስጥ ከወንበሩ ተነሥቶ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እኔ በመጣሁበት አገር ስምንተኛ የጨረሰች ልጅ አትሰደድም፤ የምትሰደደው ያልጨረሰችው ናት» የሚል ተቃዋሚ ቢኖር ሕጉ ወር ወይም ሁለት ወር ይዘገይ ነበር። በ2013 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1246፣ ያንን የስምንተኛ ክፍል ግዴታ አነሣው። አንድ ከሰዓት ክርክር ሊያርመው ይችል የነበረ ነገር አምስት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ባሕሩን ያቋረጠው ሁሉ በሕጉ ምክንያት ነው አልልም፤ ሕጋዊው በር ግን ለእነሱ አልተከፈተም ነበር።

ራያ ውስጥ ደም ሲፈስ ዘወልድ የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ካልቀረቡ እርቅ የለም፤ አንዱ ወገን ብቻውን መጥቶ «ታርቀናል» ቢል የሚስቅበት እንኳ አያገኝም። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ዜና ስሰማ ይህ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን ወደ ጎርፉ እንመለስ። 10 ቢሊዮኑ ከላይ ሞልቶ ወርዷል እንበል። ቆቦ ከተማ ውስጥ አሥር ወጣቶች፣ ሰባት ወንድና ሦስት ሴት፣ በሽንኩርት መስኖ ሊሠሩ ይፈልጋሉ። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፤ ቆቦ ሜዳ ሥር ውኃ አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ ጉድጓድ አስቆፍሮ በጠብታና በመርጨት መስኖ ይህንን አሳይቷል። ሜዳው ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል፤ ዋናው አስፋልትም በመሀሉ ያልፋል።

መጀመሪያ ሥራ አጥ መሆናቸውን የሚመሰክር ወረቀት ከቀበሌ ያመጣሉ። ይህ በራሱ ቀልድ ነው፤ ከቀበሌው የሥራ አጥነት ማረጋገጫ ለማግኘት ስንት ቀን ሥራ መፍታት እንደሚያስፈልግ የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ወደሚባለው ቢሮ ሄደው ይደራጃሉ፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። የንግድ ዕቅድ ይጻፋል፤ የሚጽፈው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ነው፣ ከባለፈው ቡድን ዕቅድ ላይ ስሙን ቀይሮ። አንዳንዴ «የበግ ማሞከት» የሚለው ሳይጠፋ ይቀራል። ከዚያ ቁጠባ፤ ከሚበደሩት ከአሥር አንዱን አስቀድመው ያስቀምጣሉ። ሥራ የሌለው ሰው ለመበደር መጀመሪያ መቆጠብ አለበት። ገንዘቡ ከየት መጣ? ሳውዲ ካለው ወንድም። የሥራ ፈጠራው ፈንድ የሚንቀሳቀሰው ፈንዱ ሊያስቀረው በታሰበው ስደት ገንዘብ ነው።

ከዚያ መሬት። መሬቱ የገበሬ ነው፤ ወጣት የሚሰጠው የወል መሬት ወይም ሼድ ነው፤ ሼዱ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው፤ ጉድጓዱ ጋ ያለው መሬት ደግሞ ከላይ ላለው ማሳ ነው። ከዚያ ትራንስፎርመር። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ ዋስትና፤ በዚያን ጊዜ አብቁተ ይባል የነበረው፣ ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው አበዳሪ ተቋም አሠራር ለቡድን ብድር አባላቱን አንዱን ለሌላው ዋስ ያደርጋል። በየደረጃው ያለው ባለሙያ ክፉ ሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ከተበዳሪዎቹ ሐሳብ ያነሰ፣ በር ላይ ሰልፍ የቆመበት፣ ማታ ሪፖርት የሚጠበቅበት ልጅ ነው። አምስት ቢሮ፣ አምስት ፊርማ። አሜሪካ ውስጥ 60 ድምፅ ያጣው ሕግ እኛ ዘንድ አምስት ፊርማ ያጣል፤ አሜሪካዊው ግን የትኛው ሴኔተር እንዳልፈረመ በስሙ ያውቃል።

አዝመራው ደርሶ ቢሸጥስ? የሽንኩርት ዋጋ የሚወስነው ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣው ደላላ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲነቅል ዋጋው ይወድቃል።

ሪፖርቱ ውስጥ ግን አሥሩ ወጣቶች ገና የተደራጁ ዕለት ተቆጥረዋል። ቋንቋችን ራሱ መንገዱን ከፍቶለታል። የመንግሥት ሪፖርት «ለዚህን ያህል ሰው ሥራ ተፈጠረ» አይልም፤ «የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይላል። ዕድል ደግሞ ተፈጥሮ ሊያልፍ ይችላል፤ ማንም ዕድል ሰጠሁህ እንጂ እንጀራ ሰጠሁህ አላለህም። ቋሚና ጊዜያዊ ተብሎ ይከፈልና ለሦስት ሳምንት ድንጋይ ያነጠፈውም ድምር ውስጥ ይገባል። የፌዴራሉ የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን በ2011 ሲቋቋም ያወጣው ግብ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን፣ እስከ 2030 ደግሞ 20 ሚሊዮን ሥራ ነበር። ኮሚሽኑን የማልወቅስበት አንድ ነገር አለ፤ ቢያንስ ጥያቄውን ከጸጥታና ከፓኬጅ አውጥቶ የኢኮኖሚ ጥያቄ ለማድረግ ሞክሯል። ግን ግብ በሚሊዮን ሲቆረጥ ወረዳው የሚደርሰው ኮታ ነው፤ ኮታ ደግሞ በወረቀት ይሞላል።

ባለፈው ዓመት ከተቆጠሩት ስንቱ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ማነው? የምርጫ ተቃዋሚ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ለአገር ፍቅር ሲል ሳይሆን ገዢውን ለማሳፈር ሲል ይጠይቃል። ውጤቱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ይጣራል። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ ከተወዳደሩባቸው 436 መቀመጫዎች ገዢው ብልጽግና 410ሩን ሲወስድ ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ከአብንና ከኢዜማ መሪዎች ሚኒስትር ሆነው ካቢኔ የገቡ አሉ። አብሮ መሥራት ደግ ነው፤ ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ግን ጥያቄው ይቀዘቅዛል። የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ታሰሩ።

የ2013ቱ ምርጫ ለቆቦ የነበረው ዕድሜ አጭር ነው። ድምፅ በተሰጠ በአንድ ወር ገደማ፣ በሐምሌ፣ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ የሕወሓት ኃይሎች ያዟት። በጳጉሜን ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አዲሱ መንግሥት መስከረም 24 ቀን 2014 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት፣ በዚያው ሰሞንም አዋጅ ቁጥር 1263 ጸድቆ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚባል፣ ሥራ መፍጠርን በስሙ የተሸከመ መሥሪያ ቤት ሲወለድ ቆቦ መንግሥት እጅ አልነበረችም። ከተማዋ የተመለሰችው ታኅሣሥ ላይ ነው። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ዳግም ሲቀሰቀስ የጀመረው በዚያው አካባቢ ነው፤ ቆቦም በቀናት ውስጥ እንደገና ተያዘች። ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ ጥቂት ወር ተነፈሰች፤ ከዚያ 2015 ላይ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት።

ከቆቦ በላይና በታች፣ በሜዳው ላይ፣ የሐራ ገበያ መቀሌ ባቡር ሊሄድበት የተጀመረ መስመር አለ። ሥራው የተበሰረው በ2007፣ ምርጫው በደረሰበት ዓመት ነው። ያኔ ለብዙ ወጣት የተገኘው ሥራ የራያ ሜዳን አፈር መቆፈርና መከመር ነበር፤ በሪፖርት ቋንቋ ጊዜያዊ የሥራ ዕድል። ባቡሩ አልመጣም።

እንግዲህ አሥሩን ልጆቻችንን በዚህ ሁሉ መሀል እናሳልፋቸው። ፓምፑን በ2010 ገዙ እንበል፤ ሁለት ጊዜ ሽንኩርት ሸጡ፤ አንዱን አተረፉ፣ አንዱን ከሰሩ። በ2013 ፓምፑ ተነቅሎ ሄደ፤ የጠብታው ቱቦ የግቢ አጥር ማሰሪያ ሆነ። ሦስቱ ወደ ሳውዲ ተነሡ፤ ሁለቱ ደረሱ። አንዱ ታጠቀ። አንዷ አግብታ ወልድያ ገባች። ሌላው ባጃጅ ይነዳል፤ ነዳጅ ሲገኝ። የቀሩት አራቱ ቆቦ ናቸው። ሊቀመንበሩ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ፋይሉን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልሎ ገጠር ይዞት ሸሽቶ ስለነበር አልተቃጠለም። አዲስ ቡድን አደራጅቶ ሊበደር ወደ ቢሮው ሄደ።

«ስምህ እዚህ አለ» አለው ልጁ፣ ከመዝገቡ ቀና ብሎ። «እናንተ እኮ የሥራ ዕድል ተፈጥሮላችኋል።»

ብድሩም በአሥሩ ስም እንዳለ ነው።